ያልተቀመሰ ሜኑ

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ይህ ደብተር የተሰጠኝ ለሜኑ ረቂቅ ነው። ስለዚህ ከፊት ሜኑ ይሆናል፣ ከኋላ እኔ። ጋሼ ቻላቸው ከኋላ ገልጠው ካገኙኝ፦ ጋሼ፣ ስለ ጢምዎ የጻፍኩት ሁሉ ከአክብሮት ጋር ነው።

ጋሼ ቻላቸው ሃያ ዓመት ሙሉ በሰሜን ተራሮች እስከ ጨነቅ ሰፈር በቅሎ እየነዱ ለቱሪስት ድንኳን ሲተክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ቱሪስቱም ሳሳ፣ ጉልበታቸውም ሳሳ። ያልሳሳው ጢማቸው ብቻ ነው። ስለዚህ እዚሁ ደባርቅ፣ ወደ ቡይት ራስ በሚያወጣው መንገድ ዳር ምግብ ቤት ሊከፍቱ ነው። የሚከፈተው በፋሲካ ዕለት። ሜኑውን የምጽፈው እኔ ማንጠግቦሽ ነኝ፤ ከተማው ውስጥ የእኔን የመሰለ የእጅ ጽሑፍ የለም። ከዘጠነኛ ክፍል የተባረርኩትም በእሱ ነው። ርዕሰ መምህሩን ጭላዳ ዝንጀሮ ላይ አስቀምጬ ሰሌዳ ላይ ሳልኳቸው። ተመሳስሎ ነበር፤ ሁለቱም። ከሥሩ ስማቸውን ባላሳምር ኖሮ ማን እንደ ሳለው ማንም አይነቃም ነበር።

ሜኑው ሁለት ገጽ ነው። ግራው የጾም፣ ቀኙ የፍስክ። ችግሩ ሁዳዴ ትናንት ገባ። የጾሙን እየቀመስን እናስተካክላለን። የፍስኩን ግን እስከ ፋሲካ ማንም በአፉ አያደርግም።

"ታዲያ ያልቀመስነውን እንዴት አድርገን ነው የምናዘጋጀው?" አልኩ።

ወጥ ሠሪዋ እትዬ ዘቢደር ከሽንኩርታቸው ቀና ሳይሉ፣ "አንች ዝም ብትይ ይሰማል" አሉ።

ምን እንደሚሰማ አልነገሩኝም።


የካቲት 22፣ ቅዳሜ

እትዬ ዘቢደር የደረስጌ ሰው ናቸው። አርባ ዓመት የሰው ሠርግ ሲያበሉ ኖረዋል። አስተናጋጃችን ያርጋል፣ "እዚያ አገር ሠርግ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው የእሳቸው ቀን ነው" ሲለኝ ያጋነነ መስሎኝ ነበር። ያርጋል ያጋንናል። ትናንት ሻዩ ውስጥ ጨው ጨምሬበት መርዝ ጠጣሁ ብሎ እናቱ ጋ ደወለ።

ግን ዛሬ አየሁ። እትዬ ደረቅ ድስት ላይ ሽንኩርት ጥደው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። አያዩትም! ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ቅዳሴ እንደሚሰማ ሰው ይሰሙታል።

"መጀመሪያ ይጮኻል" አሉኝ። "ቀጥሎ ያጉረመርማል። ኋላ ደክሞት ይተነፍሳል። ሲተነፍስ ነው በርበሬው።"

"ሳይተነፍስ ብንጨምርስ?"

"ያኮርፋል። ያኮረፈ ወጥ ደግሞ የሚለማመጠው የለም።"

እኔ ላሳስታቸው ሁለት ክዳን አጋጨሁ። ዘወር ሳይሉ፣ "ያርጋል! ጓሮ ያለው ምስር ውሃ ጨርሷል" አሉ። ምስሩ ከሁለት በር ወዲያ ነው። ያርጋል ሮጠ። እውነትም ጨርሷል፤ አንድ ደቂቃ ቢቆይ ያርር ነበር።

ፀጉሬ ቆመ። ምንም ቀልድ አልመጣልኝም። ይህ ሲደርስብኝ ከክርስትናዬ ወዲህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።


የካቲት 27፣ ሐሙስ

ጋሼ ቻላቸው "ሜኑ ምን እንደሚመስል እይ" ብለው ቡይት ራስ አንድ ሎጅ ወሰዱኝ። ሜኑው በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ፎቶ ያለው። ፎቶው ላይ ያለው ጥብስ ከኔ በላይ ተኳኩሏል።

ስንወጣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆምን። ጉሙ ከሥራችን ነበር፤ ቀስ ብሎ ሲገለጥ መሬቱ አልደረሰም። ቢጠብቁት ቢጠብቁት አይደርስም። ከዚያ በጣም በጣም ታች አንድ መንደር፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል፣ ጭስ እያጨሰች።

"እዚያም ሰው ምሳ እየሠራ ነው" አሉ ጋሼ ቻላቸው።

የጋሼን ጋቢ ጫፍ ያዝኩ። ከብርዱ ነው።


መጋቢት 3፣ ረቡዕ

የጾሙ ገጽ ረቂቅ፦

ሽሮ ፈሰስ። ዋና የሚችል ይዘዝ።
ሱፍ ፍትፍት። ጥርስ ለሌለው ቅድሚያ እንሰጣለን።
ስልጆ። በሰናፍጩ እየተላቀሰ የሚበላ።
በያይነቱ። ለያርጋል አይሸጥም፣ ሁሉንም ይጨርሳል።

ጋሼ ቻላቸው አራቱንም ሰረዙ። ስልጆው ላይ ግን ጢማቸው ተንቀሳቅሷል። አይቻለሁ።

ሌላ። ያርጋል ዝናብ መትቶት መጣና ካልሲውን ከምድጃው በላይ ሰቀለ። እግዜር ያሳያችሁ። ወጥ ቤቱ ውስጥ የሞተ ነገር የተነሣ መሰለ። እኔ በመስኮት ወጣሁ፣ ድንች ላጯ ልጅ በበር። እትዬ ዘቢደር ከካልሲው ሥር ቆመው ተረጋግተው ምስር ያማስላሉ! አፍንጫቸውን እንኳን አልነኩም። የሠርግ ቤት የለመደ ሰው ትዕግሥቱ ሌላ ነው።

እኔን ማስተማርም ጀምረዋል። ሁሉን ነገር አፍንጫዬ ሥር ያመጡና "ምን ምን ይልሻል?" ይላሉ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ በሶብላው፣ ዘይቱ። ወሬዬን ሳይሆን አፍንጫዬን የሚጠይቅ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ለምን እኔን እንደ መረጡ አላውቅም። ችሎታ አይተውብኝ ይሆናል።


መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ዛሬ የጾሙ ገጽ ፈተና ነበር። ጋሼ ቻላቸው ሊቀምሱ ተቀምጠዋል። እትዬ ወደ ሽሮው ጠሩኝ፤ "ምን ምን ይልሻል?"

በስሎ ነበር። ያወደ ነገር። እኔ ግን ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ "ገና ጥሬ ጥሬ ይላል" አልኳቸው። አሽትተው "አንች ውሸታም!" ብለው በማማሰያው ሊያባርሩኝ ነው ብዬ እግሬን አዘጋጀሁ።

"በይ ይቆይ" አሉ።

ቆየ። ከሥር ያዘ። ጋሼ ቻላቸው አንዴ ጎርሰው አስቀመጡት። እትዬን ብቻ አዩ። እትዬም ድስቱን አነሡ።

ቀልዴን ተቀብለው ሊያሳፍሩኝ ፈልገው ይሆናል። ትልቅ ሰው እንደዚህ ነው የሚቀጣ። ግን እኮ ያፈርኩት እኔ አይደለሁም።


መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ያርጋል ከመጋረጃ ኋላ የሰማው፦ ጋሼ ቻላቸው ጎንደር ሆቴል ለሚሠራ አንድ ወጥ ሠሪ ደውለዋል። "ሴትዮዋን አከብራቸዋለሁ፤ ግን እጃቸው ከድቷቸው እንደሆነ እንግዳ ፊት መፈተን አልችልም" ብለዋል። "የፋሲካው ዶሮ ካልሆነ ያንኑ ቀን እደውልልሃለሁ።"

እጃቸው አልከዳቸውም። ሽሮው እኮ በኔ... 

ለማንኛውም አንድ ሽሮ ነው። በአንድ ሽሮ ሰው አይባረርም። እኔ ግን በአንድ ሥዕል ተባርሬያለሁ።


መጋቢት 21፣ ገብርኄር እሑድ

ዛሬ ምንም ቀልድ አልሠራሁም። ያርጋል ታመምሽ ወይ ብሎ ግንባሬን ነካ።


መጋቢት 29፣ ሰኞ

ቅቤ መጣ። ለፋሲካው የሚነጠረው ሁሉ፣ ሦስት ቅል። ሁለቱ ለጋ፣ ገና የወተት ጠረን ያላቸው። ሦስተኛውን ስከፍተው ወደ ኋላ አልኩ። ሻጯ ከላይ ለጋ ቀብታ ከሥር የከረመ ደብቃለች። የጠነባ፣ ለፀጉር እንኳን የማይቀባ።

እትዬ ሁለቱን ለጋ ድስት ውስጥ ጨምረዋል። ሦስተኛውን ይዘው መጡ።

"ምን ምን ይልሻል?"

ይህን ያህል የሚከረፋ ነገር ይዞ የሚጠይቅ ሰው እየቀለደ ነው የሚመስል። እኔም በቀልድ፣ "ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል እትዬ፤ ትናንት የተናጠ ነው" አልኩ። አሁን ይስቃሉ፣ አሁን ጆሮዬን ይዘው ይጎትቱኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"ጎሽ፣ እመቤቴ ትባርክሽ" ብለው ሙሉውን ገለበጡት።

ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ አብሽ፣ እርድ ገባ። ቅቤው ተንጫጫ፣ ከዚያ ዝም ሲል "ውሃው አለቀ" ብለው አወረዱት። አንድ ሰኮንድ አላሳለፉም። ፊታቸው ሰላም ነው።

ቅመሙ ሸፍኖታል። ከሥር ግን አለ። ደርሼ አሸተትኩት። አለ።


መጋቢት 30

ቀልድ ሊሆን ይችላል። እሳቸውም እየቀለዱ ይሆናል።


ሚያዝያ 1

አይደለም። ካልሲው። እሱም አልሸተታቸውም።


ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ማንም አይቀምሰውም። እስከ ፋሲካ ጠዋት ማንም አያውቅም። እኔ ብቻ። ጾም እንደዚህ ምስጢር ይይዛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ለጋሼ ቻላቸው ብናገር የእትዬን ነገር እንዳወጣሁባቸው ነው። ባልናገር ፋሲካ ያወጣዋል።

የፍስኩን ገጽ ልጽፍ ተቀመጥኩ። "ዶሮ ወጥ" ብዬ ከጎኑ ምንም መጻፍ አቃተኝ።


ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

እትዬ ዘቢደር የዘንባባ ቀለበት ሠርተው ጣቴ ላይ አደረጉልኝ። "ለአፍንጫሽ ሽልማት" አሉኝ። ቤቴ እስክደርስ አለቀስኩ። ጉንፋን ነው አልኳት ለእናቴ።


ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ነገርኳቸው።

ብቻቸውን ነበሩ፣ ምስር ይለቅማሉ። ቆሜ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት፤ ሦስተኛውን ቅል፣ ጽጌረዳውን፣ ሁሉን። ምስሩን መልቀማቸውን አላቆሙም።

"ስንት ጊዜ ዋሽተሽኛል?"

"ያን ቀን ብቻ።" ቆየሁና፣ "እና የሽሮው ቀን።" ቆየሁና፣ "አንዴ ደግሞ በሶብላውን ጤና አዳም ነው ብዬዎት ነበር።"

"እሱንስ በእጄ አውቄዋለሁ" አሉ። ትንሽ ሳቁ መሰለኝ። ከዚያ ሳህኑን አስቀመጡ።

"የዛሬ ሦስት ዓመት ያ ክፉ ጉንፋን ያዘኝ። ሲለቀኝ አፍንጫዬንም ምላሴንም ይዞ ሄደ። ጨው ከአመድ አልለይም ልጄ። ይመለሳል ይመለሳል ስል ይኸው። ልጄ ወለደች፣ የሕፃኑን አንገት ሳሸት... ምንም የለም። ጥጥ።"

እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ታዲያ ያን ሁሉ ወጥ እንዴት..."

"ጆሮዬ አለ። እጄ አለ። ዓይኔም ለራሱ አያንስም። ለጠረኑ ደግሞ አንድ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። አየሁ አየሁና፣ ይህች ልጅ አፏ እንጂ አፍንጫዋ አይዋሽም አልኩ።"

"ለምን አይቆጡኝም?"

"እቆጣሻለሁ፤ ለፋሲካ ይቆይሽ። አሁን ቅቤ እንፈልግ።"

ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት ሳይቀምሱ፣ ሳያሸቱ አገር አብልተዋል። እኔ አፍንጫም ምላስም ኖሮኝ እንቁላል አሳርራለሁ።


ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ዳባት ሄድን። እትዬ ዘቢደር እዚያ እሌኒ የምትባል የድሮ ወዳጅ አለቻቸው፤ ከራሷ ላሞች ትንጣለች። የቅቤውን መበላሸት ለጋሼ ቻላቸው አልነገርንም። ነጠላቸውን አስይዘው ነው አዲሱን የወሰዱት። ሠርግ ሠርግ የሚሄዱበትን ነጠላ።

እትዬ ቅቤውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፣ ጆሯቸው ሥር አድርገው በመዳፋቸው አሹት። እሌኒ፣ "ዘቢደር፣ ቅቤ ያወራልሻል እንዴ?" አለቻቸው።

"ለቀባጣሪ አያወራም" አሉ። ከዚያ ወደኔ አዙረው አመጡት። ቀስ ብለው፣ "አሁን እውነቱን" አሉኝ።

አሸተትኩ። ዝም ብዬ ብዙ አሸተትኩ። "ወተት። ትንሽ የሣር ጭማቂ። ከሥሩ ምንም የለም" አልኩ።

"ከሥሩ ምንም የለም" ብለው ደገሙት። ለራሳቸው።


ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ቅቤውን አነጠርን። ሲንጫጫ እሳቸው ያዳምጣሉ፣ እኔ አሸታለሁ። "ኮሰረቱ ቀደመ" ስላቸው እሳቱን ይቀንሳሉ። "አሁን እኩል ሆኑ" ስላቸው ይተዋሉ። ለሁለት ሰዓት አንድ ቀልድ አልተናገርኩም፤ ያርጋል ግን በር ላይ ቆሞ "ምን አድርገው ነው ዝም ያሰኟት?" ይላል።

የተበላሸውን ለያርጋል ሰጠነው። ለጫማው።


ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ስግደት። ጉልበቴ የለም። እትዬ ዘቢደር በዚያ ዕድሜያቸው ከኔ በላይ ሰገዱ። ከጎናቸው ሆኜ ቆጥሬ ተውኩት።


ሚያዝያ 11፣ ቀዳም ሥዑር

ዶሮው ተሠራ። አሥራ ሁለት ብልት፣ እንደ ሥርዓቱ። ማንም አልቀመሰም። እትዬ ጨዉን በጭብጣቸው ሲጨምሩ እጃቸው ለአፍታ ቆመ። ፈርተዋል። እሳቸው ሲፈሩ ሳይ ዓለም ላይ ያለው ገደል ሁሉ አጠገቤ የመጣ መሰለኝ።

ጋሼ ቻላቸው ስልካቸውን ቻርጅ ላይ አድርገዋል።


ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

እንግዳ ሊገባ አንድ ሰዓት ይቀረዋል፤ ሳይበርድ ልጻፈው።

ቤት ሌሊት ሁሉም ገደፈ። እኔ አልነካሁም። እናቴ ተቆጣች፣ "ከኔ ዶሮ የማን ዶሮ ይበልጥና ነው?" አለች። የመጀመሪያ ጉርሻዬ የዚህ ድስት እንዲሆን ቃል ገብቻለሁ ማለት አልቻልኩም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጋሼ ቻላቸው አዲስ ሸሚዝ ለብሰው ወጥ ቤት ገቡ። እንጀራ ቆረሱ። ድስቱ ተከፈተ።

"ቻላቸው" አሉ እትዬ። "ሳትቀምስ አንድ ነገር ስማኝ።"

ነገሯቸው። እንዲሁ፣ ሽንኩርት ስንት ኪሎ እንደ ገባ እንደሚናገር ሰው። አፍንጫዬ የለም፣ ምላሴ የለም፣ ሦስት ዓመት ሆነው። እኔም መሐል ገብቼ፣ "ጋሼ፣ ሽሮውን ያሳረርኩት እኔ ነኝ። ዋሽቻቸው ነው" አልኩ። ቅቤውንም ተናገርኩ። ነጠላውን ግን እትዬ ዓይናቸውን ሲያፈጡብኝ ተውኩት።

ጋሼ ቻላቸው እንጀራውን መልሰው አስቀመጡ። እኔን እርግጫ እንዳለባት በቅሎ አዩኝ።

"ታዲያ እትዬ፣ ይህ ድስት በምን ተሠራ?"

"በጆሮዬና በዚች አፍንጫ።"

"በዚች?"

"በዚች።"

ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ከዚያ እንጀራውን ወደኔ ገፉት። "እንግዲያው አንች ቅመሽ።"

ጎረስኩ። ሃምሳ አምስት ቀን! ምን ልበል፣ ዓይኔ ተከደነ። እትዬ ዘቢደር እጄን ያዙ። እጃቸው በረዶ ነው።

"ንገሪኝ። መጀመሪያ ምን መጣ?"

"ቅቤው። ለስላሳ ሆኖ፣ ከኮሰረቱ ጋር እኩል።"

"ቀጥሎስ?"

"ሽንኩርቱ። ግን ሽንኩርት አይደለም። ቀልጦ ጣፋጭ ሆኗል፣ የት እንደገባ አላውቅም።"

"በርበሬው ቀደመሽ?"

"አልቀደመም። ቆይቶ መጣ፣ ጉሮሮዬ ጋ። አያቃጥልም፣ ያሞቃል። ብርድ መትቶሽ ቤት ስትገቢ እሳቱ እንደሚያሞቅሽ።" አንቺ አልኳቸው፤ ከተናገርኩ በኋላ ነው የሰማሁት። እሳቸውም አልተቆጡም። ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ እኔ የምናገረውን እየበሉ ነበር።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ... አለቀ።"

"እንዴት አለቀ?"

ፈለግሁ ቃሉን። በሕይወቴ ቃል አጥቼ አላውቅም። "አንድ ሰው ሊናገር አፉን ከፍቶ ሲተወው እንደሚሆነው።"

እትዬ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ጨው" አሉ። "ትናንት እጄ ሲቆም ግማሽ ጭብጥ አስቀርቻለሁ።"

ጨመሩ። አማሰሉ። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙት፤ ጋሼ ቻላቸውም ሳያውቁት አብረው ዘንበል አሉ። ከዚያ "አሁን" አሉ እትዬ።

ጋሼ ቻላቸው ጎረሱ። አኘኩ። ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም፤ ጢሙ ይሸፍናል። ሁለተኛ ቆረሱ። ሦስተኛ ሲቆርሱ ያርጋል ከበሩ ምራቁን ሲውጥ ተሰማ።

እጃቸውን ታጥበው ስልካቸውን ከግድግዳው ነቀሉ። በር ላይ ደርሰው ወደኔ ዞሩ።

"የዶሮ ወጡ ጎን ባዶ ነው አይደል?"

"አዎ ጋሼ።"

"አሁን ለእሳቸው የነገርሻቸውን ጻፊበት። እንዳለ። ቀልድ እንዳትጨምሪ።"

ወጡ። እትዬ እጄን አልለቀቁም። ሁለታችንም በመስኮት አዳመጥን፤ ለነገሩ እሳቸው ሳይሰሙት የሚቀር ነገር የለም።

"ሃሎ ወንድሜ፣ እንኳን አደረሰህ" አሉ ጋሼ ቻላቸው። "የለም፣ አትምጣ። ሰው አግኝቻለሁ። ... ማን ናት? ... የለም፣ አንድ አይደሉም። ሁለት ናቸው።"